ለሆኪ አሰልጣኝ ሽማግሌ የላክኩ ጊዜ

ልጄ እዚህ ሚኒሶታ፣ ፕሊማውዝ ከተማ ውስጥ የሴት ልጆች ሆኪ ቡድን አሰልጣኝ ናት። ይህን የምናገረው ደረቴን ነፍቼ ነው፤ ለምን እደብቃለሁ? ጥቁር ካፖርቷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራ፣ ከተጫዋቾቿ ወንበር ጀርባ ቆማ ማስቲካ ስታኝክ ያያት ሰው «እንዴት ያለች የተረጋጋች ሴት ናት» ይላል። ውሸት! የእኔ ልጅ ናት፤ ሆዷ ውስጥ እሳት ነው ያለው። እኔም ከጀርባዋ ካለው መቀመጫ ጠፍቼ አላውቅም። ዳኛውን በአማርኛ ልክ ልኩን እነግረዋለሁ። አጠገቤ የሚቀመጡት ፈረንጆች የምለው ባይገባቸውም ራሳቸውን እየነቀነቁ ያግዙኛል።

አሰልጣኝ ከመሆኗ በፊት ተጫዋች ነበረች። ተጫዋች ስላችሁ ለመዝናናት አይደለም። ደመወዝ የሚከፈላት፣ የአባቷ ስም ከማልያዋ ጀርባ የተጻፈ፣ ሴንት ፖል መሀል ባለው ትልቅ አዳራሽ የምትጫወት ፕሮፌሽናል! ሐበሻ ልጅ በበረዶ ላይ ተከላካይ ሆና ስትቆም አስቡት። እንዴት መጫወት እንዳቆመች ሰው ሲጠይቀኝ ግን ታሪኩን ከሽማግሌዎቹ መጀመር አለብኝ፤ አለዚያ አይገባም።

ሚኒሶታ ስንመጣ ገና ድክ ድክ የምትል ልጅ ነበረች። መጀመሪያ የተከራየነው ቤት ሴንት ፖል ውስጥ ከዩኒቨርሲቲ አቬኑ ገባ ብሎ ነው። ከጀርባችን መናፈሻ አለ። ዊንተር ሲገባ የከተማው ሠራተኞች ሜዳውን በጎማ ውሃ ያጠጡታል፤ ጠዋት ስንነሳ መስታወት ሆኖ እናገኘዋለን። እኔ ከበር እስከ መኪና ግድግዳ እየተደገፍኩ የምሄድ ሰው ነኝ፤ ጤነኛ ሰው ሆን ብሎ በረዶ ላይ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ስምንት ዓመት ሲሆናት አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ ይዟት ወጣ። እዚያ ያለው ሰውዬ ከሥሩ ስለት ያለበትን የበረዶ ጫማ በነፃ ያውሳል። በመስኮት ሳይ ልጄ በጀርባዋ ተዘርራለች።

«ኧረ በኢየሱስ ስም!» ብዬ በሸበጥ ሮጬ ወረድኩ። እኔ እስክደርስ ተነስታ እንደገና ወድቃ፣ እንደገና ተነስታለች። ትስቃለች! አባቷም ይስቃል። እጇን ይዤ «ነይ ግቢ» ስላት እጇን መነጨቀችኝና እንደ ዓሣ ሾልካ ሄደች። እዚያው በቆምኩበት እኔ ራሴ ወደቅኩ። ሁለቱም እየሳቁ አነሱኝ።

ከዚያ በኋላ ማን ይመልሳት። ጎህ ሳይቀድ ልምምድ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ውድድር ነው። የመኪናችን የኋላ ወንበር የላብ ልብስ ሽታ ለቆት አያውቅም፤ ሰው ሊፍት ስሰጥ መስኮት ከፍቼ ነበር የምነዳው። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ አንዷ እህት «ለመሆኑ ሴት ልጅ ዱላ አስይዘሽ የምትልኪው ከማን ጋር ልትጣላ ነው? ኳየር ብታስገቢያት ምናለ?» አለችኝ። «እንደ አንቺ ልጅ በሰንበት ከሚያንቀላፋ ዱላ ይዞ ቢሮጥ ይሻላል» አልኳት። ወር ያህል አልተነጋገርንም። ብቻ ልጅቱ አደገች፣ በሆኪ ኮሌጅ ገባች፣ ከኮሌጅ ወጥታ ፕሮፌሽናል ሆነች። ያቺው እህት ትኬት አገኝላት እንደሆነ ልትጠይቀኝ መጣች። ትኬቱን ሰጠኋት፤ መጀመሪያ ግን ትንሽ አስለመንኳት።

እኔ የምሠራው ነርሲንግ ሆም ነው። እዚያ ያሉት አሮጊቶች በሆኪ ቀልድ አያውቁም። ሕጉን ሁሉ ያስተማረችኝ ከእነሱ አንዷ ናት። ቴሌቪዥኑ ፊት ዊልቸሯን አስጠግቼ፣ ሾርባዋን እያጎረስኳት፣ «አሁን ይሄ ምንድን ነው?» እላታለሁ፤ እሷም ማንኪያውን ገፋ አድርጋ ታስረዳኛለች። ልጄ በቴሌቪዥን ስትታይ ሁላቸውም ያጨበጭባሉ። እኔማ ሥራ ላይ መሆኔን እረሳለሁ።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ። ዓመቱ ሊያልቅ የቀሩት ጨዋታዎች ጥቂት ነበሩ። የልጄ ኮንትራትም ከዓመቱ ጋር ያልቃል። በዚህ ሰዓት ያልታየ ተጫዋች ለከርሞ አይፈለግም፤ ይህን እኔም አውቄዋለሁ። ታዲያ በዚያ ሰሞን አሮጊቶቼን ሰብስቤ ቴሌቪዥን ከፍቼ ብፈልጋት ልጄ የለችም። ካሜራው ወደ ላይኛው መቀመጫ ሲዞር ሱፍ ለብሳ ከማይጫወቱት ጋር ተቀምጣለች። ሾርባው ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

ደወልኩላት። «ታመሽ ነው?»

«አይደለም።»

«ተጎድተሽ ነው?»

«አይደለም እማዬ። ከኮች ጋር ተጣላን። ጮህኩበት።»

«ሰው ፊት?»

«ሰው ፊት።»

«ምን አድርጎሽ?»

«እማዬ፣ ተይው በቃ» አለችና ዘጋችው። የሚቀጥለውም ጨዋታ ላይ እንደዚያው ሱፍ ለብሳ ተቀመጠች። የሚቀጥለውም ላይ።

ደሜ ፈላ። ግን እውነቱን ልናገር፣ የተናደድኩት በእሷ ነው። ምላሷን አውቀዋለሁ፤ ከማን ሆነና የወረሰችው? ታላቅን ሰው ፊት መልሳ፣ ጮሃ፣ ይቅርታ ሳትጠይቅ ኩርፊያዋን ይዛ ተቀምጣለች ብዬ ደመደምኩ። ሰውየው በዕድሜ አባቷ ይሆናል። ራሱም ድሮ የታወቀ ተጫዋች ነበር፤ አፍንጫው በዚያ ዘመን ተሰብሮ እንደተጣመመ ቀርቷል። ከሚኒሶታ ሰሜን የመጣ፣ ቃል ከአፉ በግድ የሚወጣ ትልቅ ሰው ነው። ይህን ሰው ማስታረቅ ያስፈልጋል። ማስታረቅ ደግሞ የማን ሥራ ነው? የሽማግሌ!

ባለቤቴ ሲሰማ እጁን በአፉ ጫነ። «አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ እኮ ሆኪ ነው! ሳይቸግር ጤፍ ብድር! እዚህ አገር ወላጅ በአሰልጣኝ ሥራ ከገባ ነውር ነው። ልጅቷ ኤጀንት አላት።»

«ኤጀንቷ ምን አደረገ?»

«ኢሜይል ጽፏል።»

«ኢሜይል ሰው አስታርቆ ያውቃል?» ስለው ዝም አለ። ዝም ካለ እሺ ብሏል ማለት ነው።

ሦስት ሽማግሌ መረጥኩ። አንደኛው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ጡረታ እስኪወጡ የከተማ አውቶቡስ ነድተዋል፤ እንግሊዝኛቸው የተስተካከለ፣ ድምፃቸው የማይቸኩል። ሁለተኛው ኋላ በተዛወርንበት ቡርንስቪል፣ እኛ ካለንበት አፓርትመንት ሥር የሚኖሩት ሐጂ ናቸው። አማርኛን በኦሮምኛ ለዛ የሚናገሩ፣ በግቢያችን ባልና ሚስት ሲጣሉ ከፖሊስ በፊት የሚጠሩት እሳቸው። ሦስተኛው የባለቤቴ አጎት ሲሆኑ አይናገሩም፤ ግን ቁመታቸው ብቻውን ሰው ያስታርቃል።

ሐጂ ጉዳዩን ከሰሙ በኋላ «ልጄ፣ ልጅቷ ራሷ ምን አለች?» ብለው ጠየቁኝ።

«ምንም አላለች ሐጂ። ጮህኩበት ብቻ ነው ያለችው።»

«ነገርን ከሥሩ ነው የሚባለው እኮ። ቢያንስ እሷን ጠርተን ብንሰማት...»

«ሐጂ፣ ቅዳሜ የመጨረሻው ጨዋታ ነው! እሷን ለማናገር ሌላ ሽማግሌ ልልክባት ነው?» አልኳቸው። ሳቁና ጋቢያቸውን አነሱ።

በማግስቱ ጠዋት ድራይቭ አድርጌ ወደ ልምምድ ቦታቸው የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ጋሼ ለልጃቸው ሠርግ የገዙትን ሱፍ ለብሰዋል። አጎት ከረባት አስረዋል። ሐጂ በወፍራም ካፖርት ላይ ጋቢ ደርበዋል፤ የበረዶ ሜዳ ቀዝቃዛ ነው ብዬ ስላስፈራራኋቸው ነው። በሥርዓቱ የልጅቷ ቤተሰብ ከሽማግሌ ጋር አይገባም። «እዚሁ መኪና ውስጥ ጠብቂን» አሉኝ፤ «እሺ» አልኩ። ሊሆን ነው እንዴ! ገቡ፤ ትንሽ ቆይቼ ተከትዬ ገባሁና ሻርፔን እስከ ዓይኔ ጠቅልዬ ከላይኛው መቀመጫ ላይ ድብቅ አልኩ። ባዶ አዳራሽ ነው፤ የሚነገረው ሁሉ ወደ ላይ ጥርት ብሎ ይመጣል።

ልምምዱ አልቆ ተጫዋቾቹ ወደ መልበሻ ክፍል ገብተዋል። ኮቹ ብቻውን ኳስ ሲሰበስብ ቆየ። ኳስ የምለው ያቺን ጥቁር የጎማ ክብ ነው፤ ፓክ ይሏታል። ባልዲውን ይዞ በትንሿ በር ከበረዶው ሲወጣ ሦስት ሽማግሌዎች ኮፍያቸውን አውልቀው በሰልፍ ቆመዋል። ድንግጥ አለ። ሕንፃውን ሊመረምሩ ከከተማው አስተዳደር የመጡ ሳይመስሉት አልቀረም። ጨዋ ሰው ነውና ግን ታጣፊ ወንበሮች ራሱ አምጥቶ ዘረጋላቸው።

«አንቀመጥም» አሉ ጋሼ በእንግሊዝኛ።

«ይቅርታ?»

«ለልመና ነው የመጣነው። የመጣንበትን እሺ እስኪሉን ድረስ አንቀመጥም። ባህላችን ነው።»

ሰውየው ወንበሮቹን አየ፤ እነሱን አየ፤ ባልዲውን መሬት አስቀመጠ። ከዚያ ጋሼ ስለማን እንደመጡ ተናገሩ። የልጄን ስም ሲሰማ ፊቱ ቀላ። እኔ ላይ ሆኜ ጥፍሬን እበላለሁ።

«ልጃችን በድላዎታለች» አሉ ጋሼ። «ታላቅን ሰው ፊት መመለስ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። የተናገረችው ምንም ይሁን ምን ጥፋቱን እኛ እንወስዳለን። ልጅ ታጠፋለች፤ አባት ይምራል። እባክዎን ለእኛ ሲሉ ይማሯት።» ሦስቱም ዝቅ ብለው እጅ ነሱ። አጎት ያ ሁሉ ቁመት ሲታጠፍ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ምን ልበል፣ ለእኔ ልጅ ነው እኮ።

ሰውየው ኮፍያውን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ። «ምን ብላ እንደጮኸችብኝ ነግራችኋለች?» አለ።

«አልነገረችንም።»

«ለማንም?»

«ለእናቷም አልነገረችም።»

በዚህ ጊዜ ለእነሱ ከዘረጋው ወንበር በአንደኛው ላይ እሱ ራሱ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ እንደ ቆሙ ናቸው። «በዚህ ሥራ ነው ያረጀሁት» አለ። «ልጄ ልክ ናት ብሎ የመጣብኝ ወላጅ ብዙ ነው። ልጄ አጥፍታለች ብሎ የመጣ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። እሷ ግን አላጠፋችም።»

ቀጠለ። ከእነሱ ሁሉ ትንሿ ተጫዋች ጭንቅላቷን ከግድግዳው ጋር ተጋጭታ ተመለሰች። ዶክተሩ ሌላ የተጎዳች ተጫዋች እያየ ነበር። ጨዋታው እያመለጣቸው ነውና ኮቹ ሳይጠብቅ ትከሻዋን መታ አድርጎ «ግቢ» አላት። ልጄ ማልያዋን ጨምድዳ ያዘቻት። «ጨዋታው ስንተኛው ፔሬድ ላይ እንደደረሰ አታውቅም፤ አትገባም!» አለች። «ልቀቂያት» ሲላት ጮኸችበት። ልጅቷን እቅፍ አድርጋ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ አልለቅም አለች።

«ልክ ነበረች» አለ ሰውየው፤ «እዚያው ነው ያወቅኩት። ልክ ስለነበረች ነው ዓይኗን ማየት ያቃተኝ።»

ብድግ! «ምን አልክ አንተ?!» አዳራሹ አስተጋባ። እኔ ነኝ እንግዲህ። ሻርፔም ወደቀ፣ ሁሉም ወደ ላይ አየኝ። ሐጂ ብቻ ዞር ሳይሉ «ይህቺ ሴት መኪና ውስጥ አልነበረችም እንዴ?» አሉ።

ተደብቆ መቅረት ስለማይቻል ወረድኩ። ጋሼ ነገሩን ለሐጂ በአማርኛ ተረጎሙላቸው። ሐጂ ጺማቸውን ይዘው ሰሙ፤ ከዚያ «አየሽ ልጄ? ከሥሩ ያልኩሽ ለዚህ ነበር» አሉኝ። ወደ ኮቹ ዞሩና «ነገሩ ተገልብጧል። ተበዳይዋ እሷ ናት። ስለዚህ አሁንም አንቀመጥም፤ ይቅርታ ይጠይቋት» አሉ። ጋሼ ሲተረጉሙለት ሰውየው «እጠይቃለሁ» አለ። «አሁን» አሉ ሐጂ። «ቂም ካደረ ሥር ይሰዳል።»

ልጄ ፀጉሯ እርጥብ እንደሆነ ቦርሳዋን ተሸክማ ከመልበሻ ክፍል ወጣች። ሦስት ሽማግሌ፣ ጋቢ፣ ኮቿ ወንበር ላይ፣ እናቷ መሀል። ቦርሳው ከትከሻዋ ወደቀ።

«እማዬ! ምን አደረግሽ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ይላት ነበር፤ ፊቷ ላይ ይነበባል። ኮቹ ተነሳና የቡድኑን ልጆች ሁሉ ከመልበሻ ክፍል ጠራቸው። ግማሾቹ በካልሲ፣ ግማሾቹ ፎጣ ጠምጥመው ወጡ። ያቺ የተጋጨችው ልጅም አለች። ሰው ፊት ለተደረገ ነገር ሰው ፊት ይቅርታ ጠየቃት፤ «ልክ ነበርሽ፤ እኔ ተሳስቼ ነበር፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ፣ አጭር አድርጎ። የሆኪ ልጆች በእጅ አያጨበጭቡም፤ ዱላቸውን ነው ወለል ላይ የሚመቱት። አንዷ ጀመረች፤ ከዚያ ሁሉም መሬቱን ደለቁት። እኔ ደግሞ እልልታዬን አቀለጥኩት! ልጄ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች።

እጇን ስታነሳ ግን እየሳቀች ነበር። ደግሞ ዝም አትልም፤ «አንድ ነገር እፈልጋለሁ» አለችው። «ጭንቅላቷን የተመታች ተጫዋች ዶክተር ሳያያት አትገባም። ማንም ትሁን ማን።» እሱም «ማንም ትሁን ማን» ብሎ እጁን ዘረጋላት። «ቅዳሜ ትጫወቻለሽ» አላት። ሐጂ እጅ ብቻ አይበቃም ብለው ትከሻ ለትከሻ አሳሳሟቸው። ከዚያ ሦስቱም በአንድ ላይ ቁጭ አሉ፤ አጎት «እፎይ፣ ጉልበቴ» አሉ፤ የዚያን ቀን የተናገሩት እሱን ብቻ ነው።

መኪና ውስጥ ጦርነት ነበር። «ላላጠፋሁት ጥፋት ይቅርታ ጠየቃችሁልኝ!» ትላለች። «አስታረቅንሽ!» እላለሁ። «ሳላጠፋ!» «ታዲያ መቼ ነገርሽኝ? አፍ የለሽም?» «ብነግርሽ መጥተሽ ትጮሂበት ነበራ!» ይሄማ እውነት ነው። ቡርንስቪል ስንቃረብ ከኋላ ወንበር ሐጂ ለብቻቸው ይስቁ ጀመር። እሷም ተከተለቻቸው፤ ሳቁ ሁላችንንም ያዘን፤ መሪውን አጥብቄ ያዝኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሴንት ፖል ሌላ ከተማ ነበረች። ቡድኑ ካሸነፈ ወደ ጥሎ ማለፉ ያልፋል፤ ከተሸነፈ ዓመቱ አለቀ፤ ልጄም በዚህች ጨዋታ ካልታየች ለከርሞ ማን ያውቃታል? ግሪን ላይን ባቡሩ በማልያ ለባሽ ተጨናንቋል። ከቤተ ክርስቲያን መጡ፤ ከግቢያችን መጡ። ሐጂ ጋቢያቸውን ደርበው ከጎኔ ተቀመጡ። ባለቤቴ እንደ ወትሮው ሲጨንቀው መቀመጥ ስለማይችል በረንዳው ላይ ይንጎራደዳል። ልጄ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ገባች፤ ስሟ ሲጠራ አዳራሹ ጮኸ።

እንዴት ተጫወተች መሰላችሁ! የመጨረሻዋ ጨዋታ መሆኗን ማን አወቀ። እዚህ ገጭታ ታስቀራለች፣ እዚያ ጎንበስ ብላ በሰውነቷ ትከላከላለች። አንዴማ ግብ ጠባቂዋ ከወደቀች በኋላ ወደ ባዶ ግብ የምትሄደውን ፓክ ተወርውራ በዱላዋ ጫፍ አወጣቻት። ሐጂ «አላሁ አክበር!» ብለው ተነሱ፤ እኔ «ሃሌሉያ!» አልኩ፤ ከፊታችን ያለው ፈረንጅ ቢራውን ደፋ። እኩል ለእኩል ሆነው መደበኛው ሰዓት አለቀ። ተጨማሪ ሰዓት ገባ። ተጨማሪ ሰዓት ላይ አንድ ግብ ያገባ አሸነፈ፤ በቃ፣ ያበቃል።

ተጨማሪው ሰዓት እንደተጀመረ ተጋጣሚዎቹ እኛ ፊት ካለው የሜዳው አጥር መስታወት ጋር አጋጯት። መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። ወደቀች። ወዲያው ግን ተነሳች፤ እጇን አነሳች፤ እየተንሸራተተች ወደ ወንበራቸው ሄደች። ጭብጨባ ቀለጠ። ኮቹ ጎንበስ ብሎ ዓይኗን ያያል፣ ይጠይቃታል፤ እሷ ትስቃለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ተራዋ ሲደርስ ለመግባት ትነሳለች። ዱላዋን ከእጇ ወሰደባት! ዶክተሩን ጠራ። እሷ ስትከራከር ከሩቅ ይታያል፤ እሱ ራሱን ግራና ቀኝ ብቻ ይወዘውዛል። ይዘዋት ወደ ውስጥ ሄዱ።

እኔ አበድኩ። «አስገባት! ደህና ናት እኮ! አስገባት አንተ!» ሐጂ ቀሚሴን ይዘው «ተቀመጪ ልጄ፣ ተቀመጪ» ይላሉ። ማን ይቀመጣል? በዚህች ደቂቃ፣ ሰው ሁሉ በሚያይበት፣ የልጄን ዕድል ከእጇ ነጥቆ! ሽማግሌ የላክኩት ለዚህ ነው? ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ። በሩ ላይ ዘበኛው «አይቻልም» አለኝ። «እናቷ ነኝ!» እለዋለሁ፤ «አይቻልም» ይለኛል። እዚያ ስንጨቃጨቅ ከጀርባዬ አዳራሹ ፈነዳ። ግብ! የእኛ ጡሩምባ ነው የሚነፋው። አሸነፍን። ዞር ብዬ እንኳ አላየሁም። ዘበኛው በደስታ እጁን ወደ ላይ ሲያነሳ ከሥሩ ሾልኬ ገባሁ።

በኮሪደሩ ኮቹ እየሮጠ መጣ። ሁሉም በረዶው ላይ ተቃቅፎ ሲጨፍር እሱ ወደዚህ ነው የመጣው። እጅጌውን ጨምድጄ ያዝኩት። «ለምን? ለምን አላስገባሃትም? ደህና ነበረች እኮ!» በአማርኛ ነው የምጮኸው፤ እንግሊዝኛው ሁሉ ጠፍቶኛል። የሕክምናውን ክፍል በር ከፍቶ አስቀደመኝ።

ልጄ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ የበረዶ ጫማዋ ገና ከእግሯ አልወለቀም። ዶክተሩ በትንሽ መብራት ዓይኗን ያያል። እኔን ስታይ ፈገግ አለች፤ እንዴት ያለ የሚያምር ፈገግታ!

«እማዬ» አለችኝ፤ «ጌሙ ስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው?»

የጨመደድኩትን እጅጌ አልለቀቅኩትም፤ አሁን ግን እንዳልወድቅ ነው የያዝኩት። ያ ሰው ክንዱን አጠንክሮ ቆመልኝ።

«አልቋል ልጄ» አልኳት።

«አልቋል? ማን አሸነፈ?»

«እናንተ! እናንተ አሸነፋችሁ!»

ዓይኗ ፈጠጠ። «እኔ ተጫወትኩ?»

ያኔ ምን እንደያዘኝ አላውቅም። እንባዬን በሻርፔ ጠርጌ አጠገቧ ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። ስሟ ሲጠራ አዳራሹ እንዴት እንደጮኸ፣ ማንን ገጭታ እንዳስቀረች፣ ለባዶው ግብ እንዴት እንደተወረወረች፣ እየተነሳሁ እየተቀመጥኩ፣ የዶክተሩን እስክሪብቶ ዱላ አድርጌ አሳየኋት። የረሳሁትን ኮቹ ከበሩ ላይ ሆኖ ይጨምርልኛል። ልጄ አፏን ከፍታ ትሰማለች፤ የሌላ ሰው ጀብዱ የምንነግራት ነው የሚመስለው። ባዶው ግብ ጋ ስደርስ «እውነት?» ብላ ጮኸች። «እውነት!» አልኳት።

ጨርሼ ትንፋሼን ስሰበስብ እጄን ያዘችኝ።

«እማዬ፣ ጌሙ ስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው?»

ኮቹ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ ግን ተነሳሁ፤ እስክሪብቶውን አነሳሁ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ እንደገና ከስሟ መጠራት ጀመርኩላት።